የአሜሪካ ማሻሻያ በፀዳ እድር

ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁት የአሜሪካን ታሪክ ነው፤ ያውም ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን ዘመን። ባቡሩ አገር ያዳረሰበትን፣ ብረቱና የድንጋይ ከሰሉ በጥቂት ከበርቴዎች እጅ የገባበትን፣ ፋብሪካው ገበሬውን ከየቀየው እየጠራ ከተሞች ያበጡበትን፣ በመጨረሻም «ይህ ነገር በሥርዓት ይሁን» ባዮች የተነሡበትን ዘመን። ለምን ይህን መረጥህ ብሎ የሚጠይቀኝ አልጠፋም፤ መልሴም እንደ ጠያቂው ይለያይ ነበር። እውነተኛው ምክንያት፣ ማስታወሴ ካላታለለኝ፣ ይህ ነው፦ ስለ ባሕር ማዶ ሙት ሹማምንት ሌብነት የሚናገር መምህር ማታ ከቤቱ ያድራል። መንግሥታት መጡ፣ መንግሥታት ሄዱ፤ እኔ ሳነቅፍ የኖርሁት ግን ያንኑ የአንድ ሩቅ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ከዚያ መጥቶ የጠየቀኝ የለም።

ጡረታ ስወጣ የፒያሳን ጫጫታ ሸሽቼ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከፀዳ ቤት ሠራሁና የሰፈሩ እድር አባል ሆንሁ። እድር የሌለው ሰው እንዴት እንደሚቀበር ሁላችንም እናውቃለን፦ ያለ ድንኳን፣ ያለ ጡሩምባ፣ በተቀጠረ ሰው ትከሻ። የእድሩ ሰብሳቢ ባለ ወፍጮ ነበሩ። ድምፃቸው የወፍጮውን ሞተር ማሸነፍ ስለ ለመደ ለቅሶ ቤትም ዝቅ አይልም። ለቅሶ ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው፣ ሥራ ያጣውን ጎረምሳ አዘዞ ካለ ወዳጃቸው ጋር የሚያገናኙ እሳቸው፣ ጉዳይ የጠናባትን ሴት ቀበሌ ይዘው የሚሄዱ እሳቸው ናቸው። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚገኙት በእኅታቸው ጠላ ቤት ነበር። ምነው ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሰው ያልተቀመጠበት አግዳሚ ይነቅዛል» ይላሉ። በየዓመቱ ምርጫ ሲደርስ ከፊት ቆመው «እንግዲህ ደክሞኛል፣ ሌላ ሰው ምረጡ» ይሉና ዐይናቸውን በየፊታችን ያዞራሉ። እጅ ሁሉ ይወጣል። የእኔም ጭምር።

ይህን ለማስቀረት የተነሣው ከሰፈሩ አዲስ የገባ ወጣት መሐንዲስ ነው።

«ፕሮፌሰር» አለኝ ቤቴ መጥቶ። ፕሮፌሰር ሆኜ አላውቅም፤ ደጋግሜ ባርመውም አልሰማኝም። «ይህን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አሜሪካኖች የከተማ አለቆቻቸውን በምን ዘዴ ነው የጣሏቸው?»

ያስተማርሁት ነገር ለአንድ ሰው ይጠቅም ይሆናል ተብሎ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነበርና ራሴን መግታት አቃተኝ። ስለ ምስጢር ድምፅ፣ ስለ መራጮች ምዝገባ፣ ስለ ዕጩዎች ክርክር ነገርሁት። ቃል ግን መረጥሁ፤ «ማሻሻያ» እንጂ ሌላ አላልሁም። «ለውጥ» ባለቤት አለው፤ «ተሐድሶ» ደግሞ ካህናቱን ያስቆጣል።

በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ገለጻ እንዳደርግ ተጋበዝሁ። ያኔ የተባለውን ሁሉ በትክክል አስታውሳለሁ ብዬ አልምልም፤ የሚከተለው ግን ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር።

«በዚያ ዘመን በየከተማው አለቃ የሚባል ሰው ነበር» አልሁ። «ድሀ ሲሞት ለቅሶ ይደርሳል። ብርድ ሲገባ ለየቤቱ ከሰል ይልካል።»

«እሰይ!» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት።

«ሥራ ያጣውን ያስቀጥራል፤ ልጅ ሲታሰር ዳኛ ዘንድ ሄዶ ያስፈታል።»

«ሸጋ ሰው!» አሉ ከኋላ አንድ ከወገራ የመጡ ሽማግሌ። «ምነው እሱን እዚህ አይልኩልን?»

«ቆዩ እንጂ! በምላሹ ድምፃቸውን ይወስድባቸው ነበር እኮ።»

«ይውሰዳ! እኛ በነፃ አይደል የምንሰጠው?»

ባለ ወፍጮው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዐይናቸው እርጥብ ነበር፤ ወይም አሁን ሳስበው እርጥብ ይመስለኛል። «መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጎ በአደባባይ ያመሰገነኝ ሰው የለም።»

ቢሆንም መሐንዲሱ ያረቀቀው ደንብ ጸደቀ። ሁለት ነገር ይዟል፦ ምርጫ ከእንግዲህ በወረቀት፣ በምስጢር ይሆናል፤ አባል የሚሆነውም የራሱ ቤት ያለው ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛው የታሰበው ባለ ወፍጮው በምርጫ ሰሞን ተከራይ እየሰበሰቡ እንዳያመጡ ነበር። አንድም የተቃወመ የለም። ለምስጢር ድምፅ የተሰጠው ድምፅ እጅ በማውጣት ነበርና፣ መሐንዲሱ ከፊት ቆሞ ያየን ነበር።

ወዲያው ዕጩዎች ተጠሩ፦ ባለ ወፍጮውና፣ ሳልጠየቅ፣ እኔ። በአዲሱ ሥርዓት ዕጩ ሁሉ ዓላማውን መናገር ነበረበት። ባለ ወፍጮው ዘመናዊ ለመሆን ብለው የኖሩበትን «ደክሞኛል» ተዉና «ብትመርጡኝ እፈልጋለሁ፤ እሠራለሁ» አሉ። ጉባኤው ደነገጠ። «ሰውዬው ሥልጣን ፈላጊ ኖሯል!» ሲባል ሰማሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ በእውነት አልችልም አልሁ። የደም ግፊቴን፣ ጉልበቴን፣ የመርሳት አመሌን ዘረዘርሁ። በተናገርሁ ቁጥር ፊታቸው እየበራ ሄደ። «ትሕትናውን አያችሁልኝ?» ይባባላሉ። «ትሕትና አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ፤ ይህ ደግሞ ጨርሶ ማረካቸው። ባዶ የዘይት ካርቶን ኮሮጆ ሆኖ ዞረ፤ ሲከፈት በከፍተኛ ድምፅ ተመርጬ ተገኘሁ።

ከሹመቴ ጥቂት ሰንብቶ አንዲት ቆሎ ሻጭ አሮጊት ከደጄ ቆሙ። ከወገራ ደጋ የመጡ፣ ባልም ልጅም የቀበሩ፣ ከሰው ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ጀሪካን ተሸክመው ውኃ የሚያመላልሱ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሰሞን ክፉ ሳል ይዟቸዋል።

«አያ መምህር፣ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ገና ነዎት።»

«እሱን እግዜር ያውቃል። እኔ የምጠይቅዎ የድንኳኑን ነገር ነው። ቤት ስለሌለሽ ወጥተሻል አሉኝ። ሰው ስቀብር ኖሬ እንደ ከብት ልጎተት ነው? ይህን ክረምት የምወጣው አይመስለኝም።»

ደንቡን ላስረዳቸው ሞከርሁ። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ያ ከሰል የሚልከው የአሜሪካ ሰውዬ ቢሆን ይቀብረኝ ነበር?» አሉ።

ለታሪክ ምሁር ቀላል ጥያቄ ነው። «ይቀብርዎ ነበር» አልሁ።

ሳላቸውን ይዘው ሄዱ። የአሜሪካ አሻሻዮችም ሌባውን እንከላከል ብለው ያወጡት የምዝገባ ሕግ ድሀውን ከደጅ እንዳስቀረው አውቃለሁ። በየዓመቱ ለፈተና እጠይቀው ነበር፤ ተማሪዎቼም በደንብ ይመልሱት ነበር።

ነገሩን ለኮሚቴው አቀረብሁ። መሐንዲሱ በአክብሮት ሰማኝና፣ «ፕሮፌሰር፣ ለአንድ ሰው ብለን ሥርዓት አናፍርስ። ጉባኤው በምስጢር ድምፅ ይወስን» አለ። ጉባኤው ተጠራ፤ ካርቶኑ ዞረ። ባለ ቤቶቹ ማንም በማያያቸው ጊዜ የሚያስቡትን ጻፉ። «አይግቡ» አሸነፈ።

በማግስቱ ግን እያንዳንዱ በየተራ ወደ አሮጊቷ እየሄደ «እኔስ ‹ይግቡ› ነው ያልሁ፤ ሌሎቹ ናቸው» አለ። በምስክርነታቸው ቢሆን ኖሮ እትዬ በሙሉ ድምፅ ገብተው ነበር። የምስጢር ድምፅ ሰውን ከይሉኝታ ነፃ እንደሚያወጣ አርባ ዓመት ያህል አስተምሬአለሁ። ከይሉኝታ ነፃ የወጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድሁ። ባለ ወፍጮው ዱቄት እንደ ለበሱ ተቀበሉኝ፤ ሞተሩን ግን አላጠፉም፤ ስለዚህ እንደ መማለድ ሳይሆን እንደ ጠብ ነበር የተነጋገርነው።

«ሰዎችዎ ከጎኔ ይቁሙ!» ብዬ ጮኽሁ።

«የእኔ ሰው የለም፣ የእድሩ ሰው ነው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «እነዚያ አግዳሚዎች ግን እርስዎ ከተመረጡ ወዲህ ከግምጃ ቤት ተቆልፎባቸው ነቀዙ አሉ።»

ገባኝ። ይህን ዓይነት ስምምነት ለተማሪዎቼ ስተርክ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። «ሰው ያልተቀመጠበት አግዳሚ እንደሚነቅዝ እኔም ሰምቻለሁ» አልሁ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ በየቤቱ ዞርሁ። የአንዱን ልጅ እንግሊዝኛ አስጠናሁ፤ ለሌላዋ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ የታመመ ጠየቅሁ። ሽበቴ ከመደርደሪያዬ መጻሕፍት የበለጠ ዋጋ እንዳለው የተረዳሁት ያኔ ነው።

አንድ አዛውንት አርፈው ከቀብር መልስ ሁላችንም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ አሮጊቷ፣ አባል ባይሆኑም፣ እንደ ልማዳቸው እጅ ያስታጥባሉ። እየሳሉ በየፊታችን ይዞራሉ። ጥያቄ የሚያረቅቅ ሰው ግማሹን መልስ አብሮ ያረቅቃል፤ ይህን ከሞቱት የከተማ አለቆች ተምሬአለሁ። ተነሣሁ።

«ወገኖቼ፣ እኚህን እናት ‹አንቀብርም› የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

አሮጊቷ ማስታጠቢያውን እንደ ያዙ ቀጥ አሉ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ሰው እጁ ገና ታጥቦ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ቶሎ ብሎ ጋቢው ውስጥ ከተተው። ባለ ወፍጮው በዚያ ድምፃቸው «እህ!» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሐንዲሱ ጫማውን ያይ ነበር። አንድም እጅ አልወጣም።

«በሙሉ ድምፅ ገብተዋል» አልሁ። አሮጊቷ «ተመስገን» ብለው የቀጣዩን ሰው እጅ ማስታጠብ ቀጠሉ።

ክረምቱ አለፈ። ሳሉም አብሮ አለፈ። አግዳሚዎቹ ጠላ ቤት ናቸው፤ አልነቀዙም። ከመስከረም በኋላ ምርጫ ደረሰና በዚህ ጊዜ ከልምድ ተምሬ ዘዴ ዘየድሁ። ልክ ባለ ወፍጮውን የጣላቸውን ቃል ተናገርሁ፦ «እንድትመርጡኝ እፈልጋለሁ! ሥልጣን እወዳለሁ!»

ጉባኤው በሳቅ ወደቀ። አሮጊቷ ቆሎ የቋጠሩበትን ጨርቅ እንደ ያዙ ከኋላ ተነሡ።

«አያ መምህር፣ ቀልዱን ይተዉና» አሉ። «እኔን ሳይቀብሩ የት ሊሄዱ ነው?»

ካርቶኑ ዞሮ ሲመለስ ዳግመኛ ተመርጬ ተገኘሁ። እትዬ ዛሬም የሰፈሩን ለቅሶ በእግራቸው ቀድመው ይደርሳሉ፤ እኔ በባጃጅ እከተላለሁ። ባለፈው ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ አይተው ክንዴን ያዙኝና፣ «አይዞዎ፣ እኔ አለሁልዎ» አሉኝ።