የተክልዬ ዕለት የሚመጣው ባሕር

ባሕር አይቼ አላውቅም። ሳላየው ግን ሸጬዋለሁ። ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር፣ ላስቲክ አንጥፌ፣ ግድግዳው ላይ ገመድ ወጥሬ፣ የግድግዳ ሥዕልና ካላንደር ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ፏፏቴ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ባሕር። ድሮ ሰው አዲስ ጎጆ ሲወጣ ባሕር ገዝቶ ይሰቅል ነበር። ዛሬ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው፤ ሥዕል የሚጠይቀኝ በሳምንት አንድ ሰው ቢገኝ ነው።

ልጄ አሮጊት ላስታምም ብላ ወደ ቆጵሮስ ልትሄድ የተነሳች ጊዜ አትሂጂ አልኩ። ደሴት ናት፣ ዙሪያዋ ባሕር ነው፣ አገሩ ውብ ነው እያለች ታባብለኛለች። እኔ ደግሞ ቃል ማሳመር አላውቅበትም። «ባሕር ለማየት ከሆነ እኔ ዘንድ አለልሽ፤ ገመዱ ላይ ተሰቅሎልሻል» አልኳት። አለቀሰችና ሄደች። ከዚያ በኋላ ስትደውል እናቷ ታናግራታለች፣ እኔ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግሁ።

አምና ጥር፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ በባለቤቴ ስልክ ፎቶ ገባ። የጨው ሐይቅ ነው፤ እግራቸው እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ቀያይ ወፎች ቆመውበታል። ከሥሩ «ዛሬ እዚህ ወሰዱኝ» ብላ ጽፋለች። ባለቤቴ ስልኩን ሳመችው።

«አየህ አንተ ሰውዬ፣ በተክልዬ ቀን። የሰፈሯን ታቦት አልረሳችም።»

የካቲት ላይ ባሕር መሐል ብቻውን የቆመ ድንጋይ መጣ፣ አረፋ ሥሩን እያጠበው። መጋቢት ላይ ውሃ የቦረቦረው ዋሻ። ሚያዝያ ላይ የዝግባ ደን፣ ውስጡ ቀንዱ የተጠማዘዘ የዱር በግ። ሁልጊዜ ማርያም ካለፈች በኋላ፣ ተክልዬ ሲደርስ ነው የሚመጣው። ቀደም ቢል ባለቤቴ «ለዋዜማው ነው» ትላለች። ቢዘገይ «ኔትወርክ ነው» ትላለች። ለግቢው ሰው ሁሉ እያሳየች «ልጄ አገር እያየች ነው» ማለት ሆነ ሥራዋ።

ግንቦት ላይ ነጭ ገደል መጣ፣ ባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። እኔ ሥዕል ሻጭ ነኝ፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ብርሃን ሲመታው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ለገዢ ዘንበል አድርጌ የማሳየው ለዚህ ነው። ገደሉ ላይ አምፖል በርቷል። ከላይ፣ ሰማዩ መሐል፣ ክብ ቀዳዳ አለች። በቀዳዳዋ የሚስማር ራስ ወጥቷል።

«ምን ያስፈጥጥሃል?» አለች ባለቤቴ። «ናፍቃኛለች አትልም?»

«ያምራል» አልኳት።

በማግስቱ ሥራ ቦታዬ ካላንደር አወረድኩ። በእኛ ቁጥር ሥር የፈረንጁ ቁጥር በትንሹ ታትሟል። ጥር ሃያ አራት ሥር አንድ ይላል። የካቲት ሃያ ሁለት ሥር አንድ። መጋቢት ሃያ ሦስት ሥር አንድ። ዕድሜዬን የሸጥኩት ነገር ነው፣ እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩትም። ልጄ ታቦት አልቆጠረችም። የፈረንጅ ወር ሲገባ ካላንደሩን ትገልጣለች፣ አዲሱን ሥዕል ታነሳለች፣ ትልካለች። ከዚያ ቤት አልወጣችም።

ከጎኔ የላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ የወሎ ሴት አለች። የልጄን ቁጥር ከባለቤቴ ስልክ በወረቀት ገልብጬ ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ ስልክ የሰይጣን ነው ሲሉ አልነበር?»

«አሁንም ነው። ደውይልኝ።»

ልጄ ድምፄን ስትሰማ ሰው የሞተ መሰላት።

«እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። የምትልኪው ካላንደር ነው።»

ከኋላዋ የአሮጊቷ ሳል ይሰማል።

«እንዴት አወቅህ?»

«ሚስማሩን አልደበቅሽውም።»

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «የመኖሪያ ወረቀቴ ካለፈበት ዓመት ሆነው፣ አባዬ። ከወጣሁ ይይዙኛል። አሮጊቷም ብቻዋን መሆን ትፈራለች፣ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ትራሷ ሥር ነው የምታደርገው። ባሕሩ ቅርብ ነው ይላሉ። ነፋስ ሲኖር ሽታው በወጥ ቤቱ መስኮት ይገባል።»

«ምን ምን ይሸታል?»

«ጨው ጨው። እንደ እርጥብ ብረት።»

«ነይ» አልኳት።

«በየት በኩል?» አለች።

ቁጥሯን የጻፍኩበትን ወረቀት አጠፍኩት። «ለእማዬ አትንገርብኝ» አለች። «እሷ እንኳ የወጣሁ ይምሰላት።»

ሥዕል ስሸጥ ዋሽቼ አላውቅም። የታጠፈውን ታጥፏል፣ ፀሐይ የበላውን ፀሐይ በልቶታል እላለሁ፤ ገዢ ይሄዳል፣ ይሂድ። ለባለቤቴ ግን አልነገርኳትም። ሐምሌ ላይ፣ እኛ ቤት ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ወርቅ የመሰለ አሸዋ መጣ። ስልኩን ዘረጋችልኝ፣ «ያምራል» አልኳት።

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት አለፈ፣ ፎቶ የለም። በማግስቱ የተክልዬ ልደት ነው። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ዋለች። ቀርቦላትም አልበላችም። «ልጄን አሟታል» አለች። እኔ ወደ ላስቲክ ዕቃ ሻጯ ጎረቤቴ ሄድኩ፣ ደወልን።

«ዘንድሮ ከመድኃኒት ቤት ያመጡት ካላንደር ሥዕል የለውም» አለች ልጄ። «ቁጥር ብቻ ነው። የአምናውን አሮጊቷ ጣለችው።» ቀጥላም «አባዬ፣ አንተ ዘንድ ባሕር አለ ብለኸኝ አልነበር?» አለች።

ለስድብ አልነበረም ያለችው። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከገመዱ ላይ አንዱን አወረድኩ። የየት አገር ባሕር እንደሆነ አላውቅም፤ ቻይና የታተመ ነው። እንዳያንጸባርቅ ጥላ ፈልጌ መሬት ላይ አነጠፍኩት፣ ዳር ዳሩን በጎረቤቴ ሳህኖች ያዝኩት።

«ሳህኑን ፎቶው ውስጥ እንዳታስገቢ» አልኳት ጎረቤቴን።

«ሳህኑማ ቢገባ ለእኔ ማስታወቂያ ነበር፣ ጋሼ» አለች። አንስታ ለልጄ ላከችላት፣ እሷ ለእናቷ እንድትልከው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። «አየህ፣ ብትዘገይም አልረሳችም። ውሃው እንዴት ጠርቷል። ይህን የሚያይ ሰው ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም» አልኳት።

ባሕር ያለባቸው አምስት ቀርተውኛል፣ ለአምስት ተክልዬ። ሁለቱን ዝናብ ነክቷቸዋል። አስመጪው ሥዕል ማምጣት ከተወ ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ቤት የገባ ጎልማሳ መጥቶ ትልቁን መረጠ። «አይሸጥም» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ሰቀሉት፣ ጋሼ?» አለኝ።

አውርጄ ጠቀለልኩት።