የአያ ወርቁ ፊያት

ዛሬ ደባርቅ ላይ ከጎንደር የመጣ የአሮጌ መኪና ክለብ መኪኖቹን መንገድ ዳር ደርድሮ አየሁ። ፀሐይ ያጋለው የወንበር ቆዳና የቤንዚን ሽታ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

በደርግ ጊዜ አባቴና ሦስት ወዳጆቹ ቤንዚን ሲገኝ ቤተሰባቸውን አሮጌ መኪኖቻቸው ላይ ጭነው ወደ ወልቅፊት ለሽርሽር ይወጡ ነበር። አንዱ ሲቆም ሌላው ይጎትተዋል። ትልቃቸው አያ ወርቁ በራሳቸው ፊያት ይቀልዳሉ።

«ዳገቱን እሷ ትወጣልኛለች፤ ቁልቁለቱን ግን ፍሬኗ ሳይሆን እግዜር ነው የሚይዝልኝ!»

አንድ ቀን ወልቅፊት ላይ ወታደሮች አስቆሙን። የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ አንድ መኮንን የሚያደርስ መኪና ፈልገው የአባቴን ቮልስ መረጡ።

«ከነሾፌሩ» አሉ።

ታች ውጊያ ነበር። እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ።

አያ ወርቁ ከመኪናቸው ፈጥነው ወረዱ። «የሱ ፍሬን አይዝም፣ ጓድ። ገደል ይከታችኋል። የኔን ውሰዱ።»

«አያ ወርቁ፣ ኧረ…» አለ አባቴ።

«ዝም በል አንተ! ልጅቱን ይዘህ ግባ።»

ስንመለስ አባቴ ሜዳው ላይ ሳይቀር ፍሬን ይረግጥ ነበር፤ በረገጠ ቁጥርም መኪናው ቀጥ ይላል።

መኮንኑን ጭነው ከወረዱ ወዲያ አያ ወርቁን አላየኋቸውም። የት ደረሱ ብዬ አባቴን ለመጠየቅም ደፍሬ አላውቅም።

የክለቡ ሰዎች ሞተር አስነስተው ነገ ሊማሊሞን እንወርዳለን እያሉ ሲሳሳቁ ትቻቸው ወደ ቤት ገባሁ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

«የምን ሞተር ነው?» አለኝ።

«አውቶቡስ ነው» አልኩት።