አባቴ ደኅና ነኝ ያሉባቸው ሁለት ቀናት

አባቴ አንጀታቸው እየተጠማዘዘ ስላስቸገራቸው አዲስ አበባ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ የቀረው ጫፍ ለጫፍ ተሰፋ። በአምስተኛው ቀን ዘመሮ ወዳለው ቤታቸው መለስኳቸው። ሆዳቸው ላይ የሚታየው አራት ትንንሽ ቁስል ብቻ ነበር። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ያለኝን ጽፌ ይዣለሁ፤ ስፌቱ ሊያፈስ ስለሚችል ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ከተነፋ፣ የልብ ምት ከፈጠነ ወይም በመቀመጫ በኩል አየር መውጣቱን ካቆመ ቶሎ ደውል።

ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። አንድ ጎረቤት ቁስሉን አይቶ፣ «ይቺን ነው ቀዶ ጥገና የምትሉት? እኔን የወጋኝ እሾህ ከዚህ ይሰፋል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ለቀልድ መልስ የማያጡት አባቴ ግን አልሳቁም። እጃቸው በለበሱት የሱፍ ባና ስር ገብቶ ሆዳቸውን ሲይዝ አየሁ።

«አባዬ፣ ያምዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አየርስ ይወጣል?»

በሰው ፊት፣ ያውም በልጃቸው አፍ፣ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ይወጣል፣ ይወጣል!»

ለሐኪሙ ደውዬ «ደኅና ናቸው» አልኩ። በመርማሪነት ሥራዬ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ ተቻኩሎ የሚመጣ መልስ አላምንም። ያን ቀን ግን አስተላለፍኩት።

በማግስቱ እናቴን ለብቻዋ ጠየቅኋት። አጥሚቱን ጠጥተው ጨርሰዋል አለችኝ። ከቤቱ ጀርባ ብዞር ውሻው በአባቴ መኝታ መስኮት ስር የፈሰሰ አጥሚት ይልሳል። ተመልሼ እጃቸውን ያዝኩና የልብ ምታቸውን ቆጠርኩ፤ ከመቶ በላይ ነበር።

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ድኜ መጣሁ ብዬ ለአገሩ ተናግሬ? የትም አልሄድም።»

የነፍስ አባታቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ደጃፍ ላይ ጠበቅኋቸው።

«አባ፣ አየር ይወጣቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ።»

«እኔ?» አሉ ቄሱ። «ኃጢአት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር መቼ ጠይቄ አውቃለሁ!»

«ለእርስዎ አይዋሹም።»

ከዚያ ገብተው ጠያቂውን ሁሉ አስወጡ። ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል።

«የነገረኝ የንስሐ ነው፤ አልነግርህም» አሉ። «አንተ ግን መኪና ፈልግ። አሁኑኑ።»

አባቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። መንገዱ ጉድጓድ በበዛበት ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፤ «አመመኝ» የሚል ቃል ግን እስከ አዲስ አበባው ሆስፒታል በር አልወጣቸውም። ስፌቱ አፍስሶ ነበር። በዚያው ቀን ሆዳቸው ተከፍቶ ታጠበ፤ አንጀታቸው እስኪያገግም ዓይነ ምድሩ በሆዳቸው በኩል ወደተለጠፈ ከረጢት እንዲወጣ ተደረገ። ሐኪሙ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለኝ። ከአንድ ቀን በፊት «ደኅና ናቸው» ብዬ የደወልኩት እኔ መሆኔን እሱም አስታወሰ፤ እኔም አልረሳሁም።

ከነቁ በኋላ በየጠዋቱ አንሶላውን ገልጬ ከረጢቱን አያለሁ።

«ደኅና ነኝ እያልኩህ» አሉኝ አንድ ቀን። «አሁንም አታምነኝም?»

«አላምንዎትም።»

ተቀየሙኝ። ከረጢቱ ግን በአየር ተነፍቶ ነበር፤ አንጀታቸው እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሰዓቱን ጻፍኩ።