በማለዳ የመጣ አበባ

የተቆረጠ አበባ ውኃ ውስጥ ሲያድር የሚያመጣው ሽታ አለ። የሚሸተው አበባው አይደለም፤ ግንዱ ነው። ዝናብ የመታው የሐይቅ ዳር ሣር ይመስላል። በቀደም ልጄ "ለልደትህ ነው" ብላ ከፒያሳ እቅፍ አበባ ይዛልኝ መጣች። አመሰገንኳትና ወስጄ ውጪ፣ ከውኃው በርሜል አጠገብ አስቀመጥኩት። ማታ ለባሏ በስልክ "አባዬ እኮ ድንጋይ ነው" ስትለው ሰማሁ። አልተቆጣሁም። ልጆቼን ሳሳድግ ብዙ ቀጥቻለሁ፣ ጥቂት አቅፌያለሁ፤ ሐሰት ግን አላስተማርኳቸውም። ስለዚህ ያ ሽታ ወዴት እንደሚወስደኝ እንዳለ ልናገር።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ እንላት ነበር። ቤታችን ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ጉዱማሌ በሚያወርደው መንገድ ላይ ነው። የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ክዳን። ጠዋት ጠዋት ክዳኑ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች እያረፉ ሲራመዱ ጣሪያ ላይ ሰው ያለ ይመስል ነበር። አባታችን በልጅነቴ ሞቷል። እናቴ ሦስት ልጆች ነበሯት። የመጀመሪያዋ እኅቴ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች መንግሥት ሶቪየት ኅብረት ልኳት ሕክምና ትማራለች። ሁለተኛው ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ሦስተኛው እኔ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እንጨት ቤት እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ምስማር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ግንባሩ ላይ ድል በድል ነው ይል ነበር፤ ከግንባር የሚመለስ ሰው ግን እስከዚያ አላየሁም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ለሥራ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ለባብሰው ይመጣሉ። በር ላይ ምንም አይናገሩም። አስቀድሞ ይገባል፣ አስቀድሞ ይቀመጣል፤ ነገሩ ኋላ ይመጣል። በዚያ ዘመን ልጇ ግንባር ያለ እናት ሁሉ በማለዳ አጥር ሲንኳኳ መርዶ ነው ብላ ትወጣ ነበር። እናቴ ከእንቅልፏ የምትነሣው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ለጸሎት ነው ትለን ነበር። እኔ ግን አጥሩን ልትጠብቅ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኅቴ በሰው አገር አንድ ነገር ተማረች። እዚያ ሰው የተወለደበት ቀን ሲደርስ አበባ ይላክለታል። እናታችን የተወለደችበትን ቀን አታውቅም። "በቆሎው ሲሸት ነው የተወለድሽው ብለውኛል" ነበር የምትለው። እኅቴም በቆሎ ከሚሸትበት ወር አንድ ቀን መረጠችላት። ለዕረፍት አገሩ ለሚመጣ አንድ የትምህርት ጓደኛዋ አደራ ሰጠችው። ልጁም አዋሳ ሲደርስ ወደ አበባ ሻጩ ሄደ፤ ሴት ልጃቸው ለልደታቸው የላከችው እንደሆነ፣ ቀኑንና ቤቱን ነገረው፤ "በክብር ይድረስላቸው፣ ለቤተሰቡ ግን አስቀድመህ እንዳትነግር፣ ድንገት ይሁንላቸው" አለው። በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ዲላ ወደ ቤተሰቦቹ ወረደ።

አበባ ሻጩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ድንክ ብጤ፣ ሰሌን ባርኔጣ የማይለየው፣ ተጫዋች ሰው ነበር። ከግቢው ጀርባ ጽጌረዳና ነጭ አበባ ያበቅላል። ሥራው ሁለት ነው፤ ለሠርግ መኪና ያስጌጣል፣ ለቀብር ጉንጉን ይሠራል። ከሁለቱ ውጪ አበባ ያዘዘው ሰው አልነበረም። ለአንዲት ባልቴት፣ ያለ ሠርግ፣ ያለ ቀብር አበባ ሲባል ግራ ገባው። መኪና የላቸውም። ስለዚህ ጉንጉን ሠራ። ለቀብር የሚያስረውን ሐምራዊ ሪባን ግን ትቶ ቀይ አሰረበት። ኋላ ላይ "ልዩነቱን እኮ አሳይቻለሁ!" እያለ ሲከራከር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

"በክብር" የተባለውንም አልዘነጋም። የእናት ስጦታ በተላላኪ አይደርስም አለና ከዕድሩ ሁለት ሽማግሌዎች ለመነ። ሦስቱም የበዓል ኮታቸውን ለበሱ። ፀሐይ ሲመታው አበባው ስለሚጠወልግ በሌሊቱ ጤዛ ቆርጦ ጎህ ሲቀድ ተነሡ።

የአጥሩን መንኳኳት እኔም ሰምቻለሁ። ጓሮ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ስወጣ እናቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። ከፊቷ ሦስት ሽማግሌዎች፤ መካከለኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጉንጉኑን ደረቱ ላይ ይዟል።

"እንደምን አደሩ እትዬ" አላት። "እስቲ ወደ ውስጥ እንግባ።"

"የትኛው ነው?" አለች እናቴ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር።

ከዘራ የያዘው ሽማግሌ "ግድ የለም፣ አስቀድመው ቁጭ ይበሉ" አላት። የጨዋ ሰው አነጋገር ነው። እኔም ዛሬ ሰው ቤት ስሄድ እንዲሁ እላለሁ።

እናቴ አልተቀመጠችም። የወንድሜን ስም ጠርታ መሬት ላይ ወደቀች። በሲዳምኛ ነበር የጮኸችው። አማርኛዋ ለገበያና ለቀበሌ ነበር፤ ለዚህ አልሆናትም።

ሰፈሩ ጩኸቱን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ባንዴ ሞላ። አጥር የምትጋራን ዓሣ ጠባሽ ጎረቤታችን እጇ ዱቄት እንደነካው ሮጣ መጣች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እናቴን አቀፈቻት። ወንዶች ድንኳን ፍለጋ ሄዱ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። የቤታችን አግዳሚ አንድ እግሩ ይነቃነቅ ነበር። ለቀስተኛ ሲቀመጥበት ይሰበራል ብዬ መዶሻ አምጥቼ እግሩን መታሁት። ምስማሩ ከገባም በኋላ መምታቴን አልተውኩም።

ያ ከዘራ የያዘው ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ፦

"ልጄ፣ የሞተው ማነው?"

ቀና ብዬ አየሁት። "የምታውቁት እናንተ አይደላችሁ?"

"እኛማ አበባ ልናደርስ ነው የመጣነው። ሐዘን ላይ ናችሁ ብሎ የነገረን የለም።"

አበባ ሻጩ እስከዚያ ድረስ ግቢው መሐል ቆሞ "ልደታቸው ነው! ሴቷ ልጃቸው ልካላቸው ነው!" እያለ ሲጮኽ ነበር። ለቅሶው ዋጠው እንጂ። እኔ መዶሻዬን ጥዬ እሱ የሚለውን ደግሜ ስጮኽ ነው ሰው ቀስ በቀስ ዝም ያለው። በሰፈራችን ለትልቅ ሴት ልደት የተከበረበትን ቀን ያየ ሰው አልነበረምና ነገሩ እስኪገባቸው ቆየ።

መጀመሪያ የነቃችው ዓሣ ጠባሿ ናት። "አንተ ሰውዬ! ልደት ብለህ ሞት ተሸክመህ ትመጣለህ?"

"ሞት አይደለም እኮ እህቴ፣ ጽጌረዳ ነው!"

"ታዲያ ጽጌረዳ በሽማግሌ ነው እንዴ የሚታጀበው? ልትድረው ነው?"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ሲጮኹ እንደነበሩት ሁሉ ባንድነት ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ከመሬት ሳትነሣ ወደ አበባ ሻጩ አየች።

"ወንዱስ?" አለችው። "ወንዱ ልጄስ?"

ሰውየው ሐቀኛ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን "ደህና ነው" ብሎ ያልፍ ነበር። እሱ ግን ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ "ስለ እሱ የምናውቀው ነገር የለም እትዬ" አላት።

እውነቱን ነው የተናገረው። ሕይወቴን ሙሉ እውነት ተናገሩ እያልኩ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ያን ቀን የተነገረውን እውነት ግን ምን እንደምለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰው ተበተነ። ጉንጉኑ ቤት አልገባም፤ ጎረቤታችን በር ላይ ይዋል ብላ ውኃ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። እዚያው ሰነበተ። ግንዱ ሲበሰብስ ሽታው እስከ መኝታዬ ይመጣ ነበር። እናቴ ለእኅቴ እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ "ደረሰ፣ በጣም ደስ አላት በላት።" ይህማ ሐሰት ነው ብላት "ልጅ የላከው ስጦታ አይመለስም" አለችኝ።

እናቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከረመች። የጸሎት ወዳጆቿ መጥተው "ባልሞተ ሰው ማዘን ልክ አይደለም" አሏት። አልተከራከረቻቸውም። ሲወጡ "ያፈሰስኩትን እንባ ወደ ዓይኔ አልመልሰው" አለችኝ። የወንድሜን ቡናማ ጃኬት ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው። አንድ ከግንባር የመጣ ቁስለኛ ወታደር ቤታችንን አጠያይቆ መጥቶ "አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ሰላም በላቸው ብሎኛል" አላት። አበላችው፣ መረቀችው። ሲሄድ ሳሕኑን እያጠበች "ደግ ልጅ ነው፤ እናት ትጽናና ብሎ ዋሸ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምሬት የለም። ምንም አልነበረም። የገበያ ወሬ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ደግነት በእንግዳ እጅ ሲላክ ቃሉ ከስጦታው መቅደም አለበት። ይህን ለልጆቼ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ምክንያቱን ሳልነግራቸው ስለቀረሁ ምክሬ ጨው የለውም ይላሉ። አበባ ሻጩን ግን አልወቅሰውም። ያን ያህል ተጨንቆ እናቴን ያከበረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

መንግሥቱ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን ወንድሜ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የሐይቁ ነፋስ የሚነሣበት ሰዓት። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ እግሩ ላይ የተቀደደ ላስቲክ ጫማ አለ። ጎረቤታችን እልል አለች። ልጆች እየጮኹ ከኋላው ተከተሉት። እናቴ ልብስ አጥባ እያሰጣች ነበር። ዞራ አየችው። ከዚያ በእጇ የቀረውን አንሶላ አራግፋ፣ ሁለቱን ጫፍ አስተካክላ ሰቀለች። እጇን በቀሚሷ አድርቃ መጣችና ጉንጩን ሳመችው። "እንኳን ደህና መጣህ" አለችው።

ቤት ውስጥ ለእንግዳ የምናወጣውን ወንበር ሰጠችው። ምግቡን ለብቻው በጥሩ ሳሕን አቀረበችለት። አልጋውን በየቀኑ ታነጥፍለታለች፤ ልብሱን ትተኩስለታለች። የጎደለበት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን እንጨት ቤት ድረስ መጥቶ እንጨት ስልግ ቆሞ ሲያይ ቆየና "እማዬን ምን በደልኳት?" አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ወለሉ ላይ የተከመረውን የእንጨት ፍቅፋቂ በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ። "ታዲያ ሞቼ ልምጣላት?" አለና ሄደ።

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲጎድል በከተማችን ወባ ይነሣል። ወንድሜን እኩለ ቀን ላይ ጣለው። ጥርሱ እየተንገጫገጨ አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ጋቢ ደረበችለት፤ ከዚያ የራሷን ነጠላ ደረበችለት። እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። አላነሣችውም። እንደዚያው አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ጮኸች።

ጎረቤታችን እየሮጠች ገባች። "ምነው? ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም!" አለች እናቴ። "አልሞተም እኮ፣ ታመመብኝ! ልጄ ታመመብኝ!" እንባዋ በአገጯ እየወረደ ጋቢው ላይ ይንጠባጠባል። ከአልጋው ሥር ተንበርክካ እግሩን በሁለት እጇ አቅፋ "ታመመብኝ" ትላለች።

ወንድሜ ዓይኑን በግድ ገልጦ "እማዬ፣ ወባ ነው እኮ፤ ይሄ ምኑ ያስለቅሳል?" አላት።

"ዝም በል" አለችው። "ዝም ብለህ ተኛ፤ ላልቅስ።"

እኔ ኪኒን ልገዛ ወጣሁ። መድኃኒት ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ታማሚ አስተኝቶ በቀስታ መራመድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ቀን ቀስ ብዬ ሄድኩ፤ ትንሽ ታልቅስለት ብዬ።