ለሸጋዬ ምን ብለን እናልቅስ

ወንጌላዊ ይሄነውን እኛ የደጎሎ ምእመናን «ሐዋርያው» እንለዋለን። ፌዝ አይደለም፤ ጸጋው ነው። አማኝ በሌለበት ይገባል፣ አምስት ስድስት ቤተሰብ ይሰበስባል፣ ሽማግሌ ይሾማል፤ ማኅበሩ በእግሩ ሲቆም ጓዙን ይጭናል። «ሐዋርያ ማለት የተላከ ነው፤ የተላከ ሰው አይደላደልም» ሲለን አሜን አልን። እሱስ ተልኮ ነው፤ ሚስቱን ሸጋዬን ማን ላካት? ይህን የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከአጅባር ደጎሎ፣ ከደጎሎ መካነ ሰላም አጠገብ ወዳለች መንደር ተከተለችው። በደረሰችበት ሁሉ መጀመሪያ የምትገባው ቅሬ፣ የመንደሩ የቀብር እድር፣ ነው፤ ክርስቲያን ሞተ ሙስሊም ውሃ ትቀዳለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ታለቅሳለች። «ያላለቀሰ አይለቀስለትም» ትል ነበር። ደጎሎን ሊለቁ ጓዝ ሲጫን ባሏን፣ «እዚህ እንቅር፤ አልቃሽ ያበጀሁት እዚህ ነው» አለችው።

«ለጌታ ልጅ አልቃሽ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ሳቀ። እኛም፣ አይ እኛ፣ አብረን ሳቅን።

አዲሱ መንደር በገባች በዓመቷ፣ ባለፈው ጥር ሞተች። ከደጎሎ ለቀብር ስንደርስ የቅሬው ሰው ድንኳን ተክሎ ጠበቀን። አልቃሿ ሐረግ ግን ተቸግራለች፤ በቅጡ ለማያውቁት ሰው ሙሾ አይወርድም። ወደ ይሄነው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ያጥናዎ። እትዬ ሸጋዬን ምን ብዬ ላልቅሳቸው? ምን ይወዱ ነበር? ማንን ይናፍቁ ነበር?»

መድረክ ላይ ቃል ጠፍቶት የማያውቀው ሰው፣ «ታዛዥ ነበረች። የትም ብሄድ ተከትላኛለች» አለ።

«እሱማ የርስዎ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት የሳቸውን ነው።»

ይሄነው አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ፤ አናደደኝም።

ያኔ የሸጋዬ ጎረቤት ኡምኩልሱም ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። «እኔ ልንገርሽ ሐረግ። ደጎሎን ነበር የሚናፍቁት። ማክሰኞ ማክሰኞ የደጎሎው ሚኒባስ በሚያልፍበት ሰዓት መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ‹ዛሬ አንድ ሰው ይወርድልኝ ይሆናል› ይሉኛል። ወላሂ፣ የወረደ አላየሁም።»

ሐረግ ሙሾውን ከዚያ ጀመረች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ መንደሩ አለቀሰ። እኛ ደጎሎዎች ግን ቀና ማለት አቃተን።

ማክሰኞ ማክሰኞ በዚያ ሚኒባስ መካነ ሰላም ገበያ የምሄደው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ «ወራጅ አለ» አላልኩም።