ቆርቆሮው ውስጥ ያልገባው ስልክ

ጥር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው አዳራሽ የጓሮ በር ላይ የቴአትር ዲግሪዬንና ሁለት ተውኔቶቼን ይዤ ቆምኩ። በሩን የከፈቱልኝ የመድረክ አስተዳዳሪው ጋሼ ሙሉጌታ ነበሩ።

«እንደምን አደሩ? ለተዋናይነትና ለጸሐፊነት የተቀጠርኩት ሒሩት ነኝ። እርስዎ…»

«አቦ፣ ‹እርስዎ› የምትዪኝ ስንት ሆኜ ነው?» ብለው ሳቁ። «እዚህ ድሬ ነው፤ ሁሉም ‹አንተ› ነው። ግቢ። መጀመሪያ ግን ኪስሽን አራግፊ።»

አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ዘረጉልኝ። ቁልፍ፣ ቦርሳ፣ ቀለበት፣ የተዘጋ ስልክ፤ ተዋናይ የግሉ የሆነውን ሁሉ እዚያ ውስጥ ሳያስቀምጥ መድረክ አይረግጥም። «የምትወጪው ሌላ ሰው ሆነሽ ነው» አሉኝ። «ሌላ ሰው ደግሞ ያንቺን ቁልፍ አይዝም።»

ሕጉ ለማንም ላልቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ በእንግድነት የመጣ ተዋናይ ሐብሌን አላወልቅም ሲል ጋሼ ሙሉጌታ መጋረጃውን አልከፍትም ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ተመልካቹ ማፏጨት ጀመረ። ሐብሉ ወለቀ።

በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር የሥራችን መልክ ተለወጠ። ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ የሚሄዱ ምልምሎችን የጫኑ አውቶቡሶች በከተማው ሲያልፉ ልምምድ አቋርጠን እየወጣን እጃችንን እናውለበልብ ነበር። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደረጀ ቢሯቸው ጠርተው አዲስ ተውኔት እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ተኩስ እንዲኖርበትም አሳሰቡኝ።

የጻፍኩት ግን ተኩስ የሌለበት ኮሜዲ ነበር። ልጇ የዘመተባት እናትና ቲማቲም የምትሸጥ ጎረቤቷ ቀኑን ሙሉ እየተጨቃጨቁ አንድ ስልክ ይጠብቃሉ። ስልኩ የሚጮኸው በመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነው።

አቶ ደረጀ አንብበው ሲጨርሱ «ጦርነቱ የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ ውስጥ» አልኳቸው።

ጎረቤቷን እኔ፣ እናቲቱን ዘሃራ እንድንጫወት ተወሰነ። ዘሃራ ከቡድኑ ተዋንያን ሁሉ የላቀች ነበረች። የገዛ ልጇ ሰሚርም ዘምቶ ነበር፤ ያለበት ቦታ ኔትወርክ ስለሌለው ልምምድ ከጀመርን ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። የዘማች ስልክ እንዴት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ያላወቀ ቤተሰብ አልነበረም። ልጁ መስመር ያለበት ቦታ ሲደርስ ከሰው ተውሶ ከማይታወቅ ቁጥር ይደውላል። ካላነሳሽው አለፈ፤ መልሰሽ ብትደውዪ አታገኚውም።

የመጀመሪያው ትርኢት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋሼ ሙሉጌታ ቆርቆሮውን ይዘው ሲዞሩ ዘሃራ ስልኳን ደረቷ ላይ ያዘች።

«አላጠፋም።»

«ዘሃራ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ሰሚር ግን አያውቀውም። ቅዳሜ ትርኢት አለ ብሎ ማን ነገረው?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም…»

«ጋሼ ሙሌ፣ ወላሂ ልብሴን አውልቄ ቤቴ እሄዳለሁ! አንተው ቀሚስ ልበስና ተጫወትላቸው!»

የመብራት ባለሙያችን ኢብሳ ከመሰላሉ ላይ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ለተውኔቱ ጠረጴዛው ላይ የምናኖረውን የተበላሸ ስልክ እያየሁ ነበር። አንስቼ ለጋሼ ሙሉጌታ ሰጠኋቸውና የዘሃራን ስልክ በቦታው አስቀመጥኩ።

«የእናቲቱ ስልክ ይኸው ነው» አልኩ። «የመድረክ ቁሳቁስ ቆርቆሮ ውስጥ አይገባም።»

ቆርቆሮውን ከደኑት። «ካለ ጊዜው ቢጮህስ?»

«አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። መጋረጃው ተከፈተ። የፊት ወንበሮቹን የሁርሶ ሠልጣኞች ሞልተዋቸዋል፤ ከኋላቸው ቤተሰቦች፣ ግድግዳው ሥር ደግሞ የቆሙ። ሙቀቱ ያፍናል። ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ንግግር ጀምሮ ይስቅልን ነበር።

ሁለተኛው ትዕይንት መሃል፣ ዘሃራ ቲማቲሜን እያገላበጠች «ይሄ ቲማቲም ነው ወይስ ኳስ?» ስትለኝ፣ ስልኩ ጮኸ።

ዘሃራ ቲማቲሙን አስቀመጠች። እኔን አየች፤ ስልኩን አየች።

«አቦ አንሺው እንጂ፣ ይቋረጣል!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

አነሳችው። «ሀሎ? … ሰሚሬ?»

በተውኔቱ ውስጥ የልጁ ስም ዳዊት ነበር። አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«ላውድ አድርጊውና እኛም እንስማ!» አለ ከፊት አንድ ሠልጣኝ።

«ዝም በል አንተ! የእውነት ልጇ ነው!» ብላ አንዲት ሴት ገሠጸችው።

ተዋናይ ለተመልካች ጀርባውን አይሰጥም፤ በዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተማርኩት ይህን ነበር። ተነስቼ የዘሃራን ወንበር ከነዘሃራ ወደ ኋላ አዞርኩት፤ በእሷና በሕዝቡ መካከልም ቆምኩ። ኢብሳ ገብቶት መብራቱን ቀነሰ። ከጀርባዬ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር።

«በላህ? … የማን ስልክ ነው? … እግርህስ? … አትዋሸኝ አንተ! … እሺ። እሺ የኔ ጌታ።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ዘሃራ ወንበሯን ራሷ መለሰችና «ደህና ነኝ አለ» አለች።

እልልታው ጣሪያውን የሚነቅል መሰለኝ። ሠልጣኞቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። እኔ ወደ ቲማቲም መደቤ ተመለስኩ። ዘሃራም እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ቲማቲሙን አነሳችና ካቆምንበት ቀጠለች።

«እና፣ ይሄን ኳስ ስንት አልሽኝ?»

በዚህ ሙያ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ከትርኢቱ በኋላ አቶ ደረጀ ፊታቸው በርቶ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገቡ። «ሒሩት፣ ይህ በጽሑፉ ውስጥ ይግባ! በየሳምንቱ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ አንድ ሰው ከጓሮ ይደውልላት። ሕዝቡን አላያችሁትም?»

ዘሃራ ሜካፗን ማንሳቷን አቆመች። «ልጄን በየቅዳሜው ልታስደውሉልኝ ነው?»

«ዘሃራ፣ ጥበብ እኮ ነው…»

«አቦ ተወኝ! የምጫወተው የዳዊትን እናት ነው። የሰሚርን እናት አልጫወትም።»

አቶ ደረጀ ወደ እኔ ዞሩ። የጽሑፉ ባለቤት እኔ ነበርኩ። ነገ ጠዋት ከቡድኑ ጋር እንወስናለን አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም መድረኩ ላይ ተሰበሰብን። ተውኔቱ አንድ ቃል ሳይጨመርበት እንደተጻፈ እንዲቀጥል ወሰንን፤ አቶ ደረጀም ተቀበሉ። ጠረጴዛው ላይ የተበላሸው ስልክ ተመለሰ። ቀጥሎ ጋሼ ሙሉጌታ ሳንጠይቃቸው ተናገሩ። ግንባር ሰው ያለው ስልኩን ሳያጠፋ ለእሳቸው ይሰጣል፤ ከጮኸ መጋረጃው ይዘጋል፤ ባለቤቱ ተነጋግሮ ሲጨርስ ይከፈታል።

«እጮኛዬ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር ናት፤ የእኔስ?» አለ ኢብሳ።

«ሳቢያን ግንባር አይደለም። አጥፋ።»

ዘሃራ ስልኳን ክፍት እንደሆነ ሰጠቻቸው። ጋሼ ሙሉጌታ ቆርቆሮው ውስጥ አልከተቱትም፤ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ አደረጉት።

ከዚያ ጠዋት ያገኘሁት ትምህርት አጭር ነው፤ የቆመ ተውኔት ከቆመበት ይቀጥላል፤ ያልተነሳ ስልክ ግን መልሶ አይገኝም።