በሰሊጥ በዓል ቀን ሰሊጥ ይዤ

ሻንጣዬን በጀርባዬ አዝዬ ወደ ህንድ ልሄድ ስወጣ፣ ታላቅ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሳቀብኝ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለኝ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ሰሊጥ አያውቅም። እኔ ደግሞ ከሰሊጥ ሌላ ብዙም አላውቅም፤ ሰሊጥን ግን አሳምሬ አውቃለሁ።

አባታችን፣ አላህ ይርሐማቸው፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሰሊጥ መጋዘን ነበራቸው። እኛ ሴቶቹ ውስጥ ሆነን በወንፊት እንነፋለን፤ ወንዶቹ ደጅ ዓንገረቡ ላይ፣ የገመድ አልጋው ላይ ማለቴ ነው፣ ተደርድረው ሰሊጡን ይመዝናሉ፣ ይመርጣሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስነፋ ኖሬ፣ መዳፌ ላይ አሽቼ፣ አሽትቼ፣ የትኛው ከመፋዛ እርሻ እንደመጣ፣ የትኛውን ዝናብ እንዳገኘው እለያለሁ። አባቴ ውስጥ ገብተው ቀስ ብለው ይጠይቁኝና ደጅ ወጥተው የራሳቸው አስመስለው ይናገሩት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ወንድሜ ዓንገረቡ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከጎኑ ልቀመጥ ስለው፣ «ከህንድ ገዢ ካመጣሽ ትቀመጫለሽ» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብኝ። ቀልዱን እንደ ቃል ያዝኩበት።

ይህ የሆነው ካርቱም ገና ሰላም ሳለች፣ ከጦርነቱ በፊት ነው። አምባሬን ሸጬ ቲኬት ቆረጥኩ። ህንዶች በጥር ወር ሰሊጥ ከሸንኮራ ስኳር ጋር የሚበሉበት በዓል እንዳላቸው ሰምቼ ነበር። በሰሊጥ በዓል ሰሊጥ ይዤ ከደረስኩ ማን ይቀድመኛል ብዬ፣ ሻንጣዬን በናሙና ሞልቼ፣ ልክ በዕለቱ ከተማው ገባሁ።

ወይ ጉዴ! የእህል ገበያው ጥርቅም ብሏል። ሰዉ ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በክር የታሰረ የወረቀት ካይት ሰማይ ላይ ያበርራል፣ ይጨፍራል። ለበዓሉ የሚሆን ሰሊጥማ ከወራት በፊት ተገዝቶ አልቋል። የአረፋ በግ ከሶላት በኋላ ገበያ ይዞ እንደመውጣት ነው የሆነብኝ። መመለሻ በረራዬ ደግሞ በማግስቱ ነው። ወንድሜ ደውሎ ገበያው መዘጋቱን ስነግረው፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ወንፊትሽ ተመለሺ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ተናድጄ አለቀስኩ፤ ግን እየሄድኩ ነው ያለቀስኩት።

በየመንገዱ የማላውቃቸው ሰዎች የሰሊጥ ጣፋጭ መዳፌ ላይ ያስቀምጡልኛል። አንዱን ቀመስኩት፤ ቆየት ያለ፣ እርጥበት ያገኘው ሰሊጥ ነው። የጣፋጩ ሱቅ ብቻ ክፍት ነበርና ገባሁ። ባለሱቁ ሽማግሌ ምድጃው ላይ ስኳር ያቀልጣል፤ ደጁ ላይ ሰው ተሰልፏል። በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ሰሊጡ አሮጌ መሆኑን ነገርኩት። ተቆጣ። ሱቁ የአያቱ እንደነበረ፣ ከማንም ሻንጣ ተሸካሚ ትምህርት እንደማይፈልግ ነግሮ በሩን አሳየኝ። ወላሂ አልወጣሁም! ሻንጣዬን ፈትቼ አንድ እፍኝ ከጎኑ ባለው ባዶ ምጣድ ላይ ጨመርኩለት። ሊያሳፍረኝ ብሎ መሰለኝ፣ ቆላው።

ሽታው ሲነሳ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ቀመሰና ሌላ እፍኝ እንድጨምር በእጁ ጠቆመኝ። የተሰለፈው ሰው እጁን ዘረጋ። እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ድረስ ናሙናዬን በሙሉ በሉት፤ እኔም ከልጆቻቸው ጋር ጣሪያ ላይ ወጥቼ ካይት ሳብኩ። ስወርድ ሽማግሌው ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፤ የመጋዘናችንን፣ ወንድሜ የሚያነሳውን፣ ጻፍኩለት።

ገዳሪፍ በባዶ ሻንጣ ገባሁ። ወንድሜ ምን ሸጥሽ ሲለኝ፣ አልሸጥኩም፣ አስቀመስኩ አልኩት። ያን ሳምንት ደጅ የተሰበሰቡት ሁሉ በእኔ ሳቁ። ውስጥ ሆኜ እየነፋሁ ሰማኋቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወንድሜ ስልኩን ይዞ መጋዘኑ ውስጥ ገባ። የሽማግሌው የወንድም ልጅ ጅምላ ነጋዴ ነው፤ ሰሊጥ እንድንልክለት ጽፏል። ወንድሜ መልእክቱን ሲያነብልኝ መጨረሻው ላይ ድምፁ ቀነሰ።

«ሻንጣ ያዘለችው ሴት በመዳፏ አሽታ የመረጠችው ካልሆነ አልቀበልም» ይላል።

ወንፊቱን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። አቧራዬን አራግፌ ደጅ ወጣሁ። ወንዶቹ ሰሊጥ እየመዘኑ ነበር። ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ዓንገረቡ መሐል።

ተነስልኝ አላልኩትም።

«ጠጋ በል» አልኩት።